ከተሬዚን የተረፈው ድምፅ

ከፕራግ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ተሬዚን የምትባለው ከተማ የገባሁት አንድ የድምፅ ቅጂ ተከትዬ ነው። ቅጂው አጭር ነው፤ ሙሉ ዘፈን እንኳ አይወጣውም። በ1944 በፊልም ላይ የተቀረጸ የልጆች የኅብረት ዘፈን ነው። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጆቹ የሚዘፍኑት «ብሩንዲባር» የተባለውን የልጆች ኦፔራ መደምደሚያ ነው። ዛሬ አንድ አዲስ ሙዚቃዊ ተውኔት መድረክ ላይ ሲወጣ ተዋንያኑ ስቱዲዮ ገብተው ዘፈኖቹን ያስቀርጻሉ፤ ቲያትር ቤቱ ድረስ መሄድ ያልቻለም አልበሙን ገዝቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሰማል። የተሬዚን ልጆች ስቱዲዮ የሚባል አላዩም። ያላቸው ቅጂ ይኸው ቁራጭ ብቻ ነው፤ እሱንም ያስቀረጹት አሳሪዎቻቸው ናቸው።

አውቶቡሱ ከሆሌሾቪትሴ መናኸሪያ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል። አገሩ ሜዳ ነው። ከሜዳው መካከል ሪፕ የሚባለው ክብ ተራራ ብቻውን ጉብ ብሎ ይታያል፤ ቼኮች የነገዳቸው አባት ከዚህ ተራራ ጫፍ ላይ ሆኖ ምድሪቱን አይቶ እንደ ወደዳት ይተርካሉ። ተሬዚን ግን ከሩቅ አትታይም። ምሽግ ናትና ሆን ተብሎ ዝቅ ብላ ነው የተሠራችው። በቀይ ጡብ የተገነባው የቅጥሯ ግንብ ላዩን ሣር ለብሷል፤ ሰው አጠገቡ እስኪደርስ ድረስ ተራ ጉብታ ይመስለዋል።

ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ ይህን ምሽግ ማስገንባት የጀመረው በ1780 ነው፤ የሰየመውም በእናቱ በማሪያ ቴሬዛ ስም ነው። ከፕሩሲያ የሚመጣውን ጦር ለመከላከል ታስቦ ነበር፤ ጦሩ ግን በዚያ በኩል አልመጣም። ከወንዙ ማዶ ያለው ትንሹ ምሽግ ወህኒ ቤት ሆነ። በሳራዬቮ አልጋ ወራሹን ገድሎ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰበብ የሆነው ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የታሰረው እዚያ ነበር፤ በ1918 የሞተውም እስረኛ እንደ ሆነ ነው። ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ የሚያጠፉት በዚህ ትንሽ ምሽግ ነው። እኔ ፈጠን ብዬ አልፌው ወደ ዋናው ከተማ ተሻገርሁ።

የከተማው መንገዶች በማስመሪያ የተሰመሩ ያህል ቀጥ ያሉ፣ ቤቶቹም ግዙፍ የጦር ሰፈሮች ናቸው። ከጦርነቱ በፊት ወታደሮቹን ጨምሮ 7 ሺህ ያህል ሰው ይኖርበት ነበር። ናዚዎች በኖቬምበር 1941 የአይሁድ መታጎሪያ፣ ማለትም ጌቶ፣ አደረጉት። በሴፕቴምበር 1942 በዚሁ ግንብ ውስጥ ከ58 ሺህ የማያንስ ሰው ታጭቆ ነበር። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ከ140 ሺህ በላይ ሰዎች እዚህ ታጉረዋል፤ 33 ሺህ ያህሉ በረኃብና በበሽታ እዚሁ አልቀዋል፤ 88 ሺህ ያህሉ ደግሞ በባቡር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አውሽቪትዝና ወደ ሌሎች የመግደያ ስፍራዎች ተልከዋል። በግቢው ካለፉት መካከል ከ10 ሺህ በላይ ልጆች ነበሩ።

ዛሬ ከተማው ሕይወት አለበት፤ ዳቦ ቤትም፣ ልብስ የተሰጣበት መስኮትም አለው። በአደባባዩ ዙሪያ የሰፊ ቅጠል ዛፎች ተተክለዋል። ከአደባባዩ አጠገብ ያለው ትልቅ ሕንፃ ከ1991 ጀምሮ የጌቶው ሙዚየም ነው። ቀድሞ የከተማው ትምህርት ቤት ነበር፤ በጌቶው ዘመን «ኤል 417» በሚል ቁጥር የሚጠራ የወንዶች ልጆች ማደሪያ ሆነ። እዚያ ይኖሩ የነበሩ ታዳጊዎች «ቬዴም» የሚባል መጽሔት በእጃቸው እየጻፉ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ እየተሰበሰቡ ያነቡት ነበር። መደበኛ ትምህርት ተከልክሏል፤ ዘፈንና ሥዕል ግን አልተከለከለም። አሳዳጊዎቹ ይህችን ክፍተት አዩና ልጆቹን የሚያስተምሩትን ሁሉ በእሷ በኩል አሳለፉት።

አሁን ወደ ኦፔራው ልምጣ።

«ብሩንዲባር» የተጻፈው በ1938 ነው፤ ጌቶ የሚባል ነገር በቼክ ምድር ሳይታሰብ። የቼኮዝሎቫኪያ የትምህርት ሚኒስቴር ለልጆች ኦፔራ ውድድር አውጥቶ ነበርና የፕራጉ የሙዚቃ ደራሲ ሃንስ ክራሳ ከወዳጁ ከአዶልፍ ሆፍማይስተር ጋር ሆኖ አዘጋጀው። ሆፍማይስተር ሠዓሊም፣ ጸሐፊም ነበር። አገሪቱ በናዚ ስትያዝ ውድድሩ ተረሳ፤ ሆፍማይስተር በ1939 ተሰደደ። ድርሰቱ ቦታ ያገኘው በፕራግ ቤልጊትስካ ጎዳና በነበረው የአይሁድ ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ነው። የማሳደጊያው ኃላፊ ኦቶ ፍሮይደንፌልድ 50 ዓመት ሲሞላው የሙዚቃ ሰዎች ተሰብስበው ነበርና፣ ይህን ኦፔራ ልጆቹ ቢጫወቱት የሚል ሐሳብ እዚያ ተነሣ። ልጁ ሩዶልፍ ልምምዱን ያዘ። አይሁዶች ሕዝባዊ ዝግጅት ማድረግ ተከልክለው ስለነበር ትርዒቱ የቀረበው በምስጢር ነው፤ ለሙዚቃውም የነበሩት ፒያኖ፣ ቫዮሊንና ከበሮ ብቻ ነበሩ። ክራሳ ያን ትርዒት አላየም። በኦገስት 1942 ተይዞ ወደ ተሬዚን ተወስዶ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፔፒቼክና አኒንካ የሚባሉ ወንድምና እኅት አባት የላቸውም፤ እናታቸው ታማ ተኝታለች። ሐኪሙ ወተት እንድትጠጣ አዟል፤ ገንዘብ ግን የለም። ልጆቹ ገበያ ወጥተው ቢዘፍኑ ሳንቲም የሚያገኙ መሰላቸው። ገበያው ግን ባለቤት አለው፤ እሱም ብሩንዲባር ነው። በእኛ አገር አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት እንደሚዞር፣ በአውሮፓ ከተሞችም ሳጥን መሳይ ኦርጋኑን በእጀታ እያሽከረከረ ሳንቲም የሚለቅም ሰው ነበር። ብሩንዲባር እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ የሱ ሙዚቃ ብቻ እንዲሰማ ይፈልጋልና ልጆቹን ያባርራቸዋል። ሌሊት ድንቢጥ፣ ድመትና ውሻ ይመጡላቸዋል፤ ሲነጋ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ጠርተው በአንድነት የእሹሩሩ ዘፈን ይዘፍናሉ፤ ሰዉ ልቡ ተነክቶ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ብሩንዲባር ገንዘቡን ሰርቆ ይሮጣል፤ ያባርሩትና ያስጥሉታል። ከዚያ የድል ዘፈን። በጠቅላላው 40 ደቂቃ ቢሆን ነው።

ሙዚቃውን በጥሞና የሰማ ሰው ክራሳ ለልጆች ብሎ እንዳላቀለለው ያውቃል። ክራሳ የታላቁ የሙዚቃ ደራሲ የዜምሊንስኪ ተማሪ ነበር። የገበያው ትዕይንት ላይ አይስክሬም ሻጩ፣ ዳቦ ጋጋሪውና ወተት ሻጩ ተራ በተራ ሸቀጣቸውን እየጠሩ ይዘፍናሉ። በሰላም ጊዜ ይህ አስቂኝ ክፍል ነው። ተሬዚን ላይ ግን ተመልካቹ ሾርባ ለማግኘት ሳህን ይዞ የተሰለፈ ልጅ ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ የዳቦ ጋጋሪውን ዜማ እንደ ድሮው መስማት አልቻልሁም።

ሩዶልፍ ፍሮይደንፌልድ በጁላይ 1943 ወደ ተሬዚን ሲጋዝ የኦፔራውን የፒያኖ ኖታ በሻንጣው ይዞ ገባ። ክራሳ ኖታውን ተቀብሎ በግቢው ለተገኙት ሙዚቀኞች እንደ ገና አቀናበረው፤ ለዋሽንት፣ ለክላርኔት፣ ለጊታር፣ ለፒያኖ፣ ለከበሮ፣ ለአራት ቫዮሊን፣ ለቼሎና ለባስ። ልምምዱ ጣሪያ ሥር ባለ አቧራማ ክፍል ተደረገ። እንቅስቃሴውን ካሚላ ሮዘንባውም አሠለጠነች። መድረኩን የሠራው ፍራንቲሼክ ዜሌንካ ነው፤ ከጦርነቱ በፊት በፕራግ ብሔራዊ ቲያትር የሠራ ስመ ጥር የመድረክ ንድፍ ባለሙያ ነበር። እዚህ ያገኘው ጣውላ ብቻ ነው፤ በእሱ አጥር ሠራ። በአጥሩ ላይ ሦስት ሥዕል ለጠፈ፦ የድንቢጥ፣ የድመትና የውሻ። የእያንዳንዱን ሥዕል ፊት በክብ ቀደደው። ተራቸው ሲደርስ ልጆቹ ከአጥሩ ጀርባ መጥተው ጭንቅላታቸውን በቀዳዳው ብቅ ያደርጋሉ፤ ሥዕሉም ነፍስ ዘርቶ ይዘፍናል። የመድረክ ሥራ ለሚወድ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሙሉ መጋረጃና መብራት ካለው ቲያትር ያላየሁትን ብልሃት እዚህ የጣውላ አጥር ላይ አየሁት።

ሴፕቴምበር 23 ቀን 1943 በማግደቡርግ የጦር ሰፈር አዳራሽ ተከፈተ። በጠቅላላው 55 ጊዜ ቀረበ። ወደዚህ ሰፈር ገብቼ ነበር፤ ዛሬ ስለ ጌቶው ሙዚቃ፣ ሥዕልና ቲያትር የሚያሳይ ቋሚ ዐውደ ርእይ አለበት፤ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት አልጋዎቹም እንደ ነበሩ ተሠርተው ቆመዋል። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ክንድ አይሞላም። እዚያ ቆሜ 55 የሚለውን ቁጥር አሰብሁት። ያ ሁሉ ትርዒት በአንድ የተዋንያን ቡድን አልተሠራም። ባቡር በሄደ ቁጥር ከልጆቹ የተወሰኑት ይሄዳሉ፤ ሌሎች ልጆች ገብተው ድርሻቸውን ያጠናሉ፤ ትርዒቱ ይቀጥላል። አንድን የዘፈን ክፍል ያጠናው ልጅ የማንን ቦታ እንደ ያዘ ያውቅ ነበር።

ሁለቱን ተዋንያን በቅርብ እናውቃቸዋለን። ብሩንዲባርን የሚጫወተው ሆንዛ ትራይኽሊንገር ከፒልዘን የመጣ ወላጅ አልባ ልጅ ነበር፤ የተለጠፈለትን ጺም በከንፈሩ እያንቀሳቀሰ ተመልካቹን ሁሉ ያሥቅ ነበር። ክፉው ሰው እሱ ሆኖ ሳለ ጌቶው ውስጥ በጣም የተወደደው ተዋናይ ሆነ። ሕይወቱ አውሽቪትዝ ላይ አለፈ። ድመቷን የተጫወተችው ኤላ ሽታይን፣ በኋላ ኤላ ቫይስበርገር፣ ተርፋለች። ልብሷ የእናቷ ጥቁር ሹራብና የእኅቷ ሱሪ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ደጋግማ የተናገረችው አንድ ነገር አለ፤ መድረክ ላይ ሲወጡ አይሁድ መሆናቸውን የሚያሳየውን ቢጫ ኮከብ አያደርጉም ነበር። በቀን ውስጥ ኮከቡ ከደረታቸው የሚወርድበት ጊዜ ያ ብቻ ነበር።

የመጨረሻው ዘፈን ግጥምም ተሬዚን ላይ ተለወጠ። ባለቅኔው ኤሚል ሳውዴክ አገርንና ወላጆችን ስለ መውደድ የሚናገረውን መጨረሻ ትቶ ፍትሕን ወደ መውደድና ወደ አለመፍራት አዞረው። ጀርመኖቹ ጠባቂዎች ቼክኛ አይገባቸውም ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ግን ጺማሙ ማን እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ቅጂው እንዴት እንደ ተገኘ ልናገር።

በ1943 መጨረሻ ከዴንማርክ ወደ 470 የሚሆኑ አይሁዶች ወደ ተሬዚን ተወስደው ነበር፤ የዴንማርክ መንግሥትም ስለ ዜጎቹ መጠየቁን አላቋረጠም። ናዚዎቹ በመጨረሻ ጉብኝት ፈቀዱ፤ ከዚያ በፊት ግን ከተማውን ለማሳመር ወራት ወሰዱ። አደባባዩ ላይ አበባ ተተከለ፣ የሙዚቃ ድንኳን ተሠራ፣ የቤቶቹ ግንባር ቀለም ተቀባ። ከተማው የተጨናነቀ እንዳይመስል በሜይ 1944 ብቻ 7,503 ሰዎች ወደ አውሽቪትዝ ተላኩ። ጁን 23 ቀን 1944 ሁለት ዴንማርካውያንና አንድ የቀይ መስቀል ተወካይ መጥተው በተመደበላቸው መንገድ ተዘዋወሩ። «ብሩንዲባር»ም በሶኮል ስፖርት ማኅበር ሰፊ አዳራሽ ቀረበላቸው። ዜሌንካ ቀድሞ በልመናና በስርቆት ያገኘው ጣውላና ቀለም ለዚህ ቀን በገፍ ተሰጠው። እንግዶቹ አይተው ተመለሱ፤ ተወካዩ የጻፈው ሪፖርትም ናዚዎቹ የፈለጉትን የሚመስል ነበር።

ማታለሉ ስለ ሠመረ በዚያው በጋ ፊልም እንዲሠራ ታዘዘ። ቀረጻውን እንዲመራ የተገደደው እስረኛው ኩርት ጌሮን ነው። ጌሮን በበርሊን የታወቀ ተዋናይ ነበር፤ በ1928 «የሦስት ሳንቲም ኦፔራ» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ተጫውቶበታል፤ ከማርሊን ዲትሪክ ጋርም «ሰማያዊው መልአክ» በተባለው ፊልም ሠርቷል። ካሜራውን የያዘው የፕራግ የዜና ፊልም ድርጅት ነው። ቀረጻው ከኦገስት 16 እስከ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1944 ቆየ። ሴፕቴምበር 28 ባቡሮቹ ተነሡ። እስከ ኦክቶበር 28 ድረስ በ11 ባቡሮች ከ18 ሺህ በላይ ሰው ተጓዘ። ክራሳ፣ ዜሌንካ፣ ከልጆቹም አብዛኞቹ በእነዚህ ባቡሮች ሄዱ። ጌሮን በመጨረሻው ሄደ። ክራሳ በዚያው ወር አውሽቪትዝ ላይ ተገደለ፤ 45 ዓመት አልሞላውም።

ፊልሙ በ1945 ተጠናቀቀ፤ ለሕዝብ ሳይታይ ጦርነቱ አለቀ። ዛሬ የቀሩት ቁርጥራጮች ናቸው። ከነሱ አንዱ የ«ብሩንዲባር» መደምደሚያ ነው። ልጆቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ቆመዋል፤ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ይዘፍናሉ፤ ጺማሙ አለ፤ ጥቁር የለበሰችው ድመት አለች። ከዚያ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል።

ይህን ፊልም አትመልከቱ የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ምክንያታቸውም ውሸት ነው የሚል ነው። ስለ ፊልሙ ከሆነ ልክ ናቸው፤ አበባው፣ ንጹሕ ልብሱ፣ የተደረደረው ተመልካች ሁሉ የታዘዘ ነው። የምከራከራቸው ስለ ድምፁ ነው። አንድ ልጅ ከፍ ያለ ኖታ ላይ ሲደርስ የሚያወጣውን ትንፋሽ ማንም ሊያዘው አይችልም። ልጆቹ ይህን ዘፈን በታዘዙበት ቀን አልተማሩትም፤ ካሜራው ሲመጣ ዓመት ያህል የኖሩበት ነው። ድምፃቸው ላይ የልምምድ ጥንካሬ አለ፤ ቃላቱን ጥርት አድርገው ይጥላሉ፤ ምቱ አይዛነፍም። ጥሩ ተዋንያን ነበሩ። በዚህ ሙያቸው ሊታወቁ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ሟችነታቸውን ብቻ አንሥተን ስናልፍ ከገዳዮቻቸው የተረፈውን አንድ ነገር እኛው እንነጥቃቸዋለን።

ከጦርነቱ በኋላ ኦፔራው ለረጅም ጊዜ ጸጥ ብሎ ቆየ። ዮዣ ካራስ የሚባል በአሜሪካ የሚኖር የቼክ ተወላጅ የቫዮሊን ሰው በ1970ዎቹ የተሬዚንን ሙዚቃ ማሰባሰብ ጀመረ፤ «ብሩንዲባር»ም በ1975 በኮኔቲከት ግዛት በልጆች ቀረበ። በኋላ ካራስ ራሱ እየመራው የፕራግ ሬዲዮ የልጆች ቡድን የሆነው የዲስማን ስብስብ በሲዲ ቀረጸው። የሲያትል ልጆች ደግሞ ቶኒ ኩሽነር ወደ እንግሊዝኛ በመለሰው ግጥም በጄራርድ ሽዋርዝ መሪነት ቀርጸውታል። ኩሽነር ከሠዓሊው ከሞሪስ ሴንዳክ ጋር በ2003 በዚሁ ታሪክ የልጆች መጽሐፍ አውጥቷል።

ከነዚህ የምመርጠው የፕራጎቹን ነው። ቼክኛው ቃል ከዜማው ጋር ተጋጥሞ የተወለደ ስለሆነ ምቱ ላይ ይቀመጣል፤ ልጆቹም የሬዲዮ ልጆች ናቸውና ቃል መጣል ያውቁበታል። የእሹሩሩው ዘፈን ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን አያስለቅሱትም፤ ዝግ ብለው፣ ሳያጋንኑ ያልፉታል። አንዳንድ አዘጋጆች የብሩንዲባርን ድርሻ ለአዋቂ ዘፋኝ ይሰጣሉ። ይህን አልወደውም። ወፍራም የአዋቂ ድምፅ ሲገባ ታሪኩ ልጆችን ስለሚያስፈራ ሰው ብቻ ይሆናል። ጺም የለጠፈ ልጅ ሲጫወተው ግን ልጆች በሚፈሩት ነገር ላይ ሲሥቁ ይሰማል። የተሬዚን አዳራሽ የተሞላው በዚህ ሣቅ ነበር።

ከተሬዚን ስመለስ ፕራግ የሚገኘውን የፒንካስ ምኩራብ አየሁ። ግድግዳው ላይ ወደ 78 ሺህ የሚጠጉ የተገደሉ የቼክ አይሁዶች ስም በእጅ ተጽፏል። ፎቁ ላይ የተሬዚን ልጆች ሥዕሎች አሉ። አስተማሪያቸው ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ በ1944 መኸር ወደ አውሽቪትዝ ሲወስዷት 4,500 ያህል ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ትታ ሄዳለች። ሥዕሎቹን እያየሁ የፕራግ ልጆችን ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ ከፈትሁት፤ የገበያው ትዕይንት ነበር። ሥዕሎቹ ላይ ቢራቢሮ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ምግብ፣ አጥር፣ ድመት። ልጆቹ ሥዕል ላይ ያኖሩትና መድረክ ላይ የዘፈኑት አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ኤላ ቫይስበርገር እስከ ሞተችበት እስከ 2018 ድረስ ከአገር አገር እየዞረች ይህን ኦፔራ የሚጫወቱ ልጆችን ታገኝ ነበር። ከትርዒቱ በኋላ መድረክ ላይ ትወጣለች፤ የልጆቹን እጅ ትይዛለች፤ የድሉን ዘፈን እንደ ገና አስጀምራ አብራቸው ትዘፍናለች። 55ቱንም ትርዒት የዘፈነች ናት፤ ከዚያ በኋላ የዘፈነችውን ማንም አልቆጠረውም።